ስለ ኪንታሮት በሽታና በሌዘር ስለሚደረገው ሕክምና

ጤና ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ ሀብት መሆኑን የማያምን ሰው አይገኝም። ይሁን እንጂ አንዳንድ በሽታ ሰውን የሚጎዳው በራሱ ክፋት ብቻ ሳይሆን በሕመምተኛው ዝምታም ጭምር ነው። ከእነዚህም አንዱ በተለምዶ የአህያ ኪንታሮት የሚባለው የፊንጢጣ ሕመም ነው። በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች ይህ ሕመም የያዘው ሰው ለባልንጀራው ቀርቶ ለትዳር ጓደኛው እንኳ ለመናገር ያፍራል። አበው ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። ስለዚህ በዚህ ወር የበሽታውን ምንነትና በአሁኑ ጊዜ ብዙ የሚወራለትን የሌዘር ሕክምና ባጭሩ እንገልጻለን።

የበሽታው ምንነት

በማንኛውም ጤነኛ ሰው ፊንጢጣ ውስጥ በደም ሥሮች የተሞሉ ለስላሳ ትራሶች ይገኛሉ። ተግባራቸውም ሰገራና አየር ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ መርዳት ነው። እነዚህ ትራሶች አብጠው ሲደሙ ወይም ወደ ውጭ ሲወጡ ኪንታሮት ይባላሉ። ለዚህም የሆድ ድርቀት፥ ሲጸዳዱ ብዙ ማማጥ፥ በመጸዳጃ ቤት ለረጅም ጊዜ መቆየት፥ እርግዝናና የዕድሜ መግፋት ምክንያት ይሆናሉ።

ሐኪሞች የውስጡን ኪንታሮት በአራት ደረጃ ይከፍሉታል።

1ኛ/ ይደማል እንጂ ወደ ውጭ አይወጣም።
2ኛ/ በማማጥ ጊዜ ይወጣል፤ በራሱም ይመለሳል።
3ኛ/ ከወጣ በኋላ በእጅ ካልገፉት አይመለስም።
4ኛ/ ቢገፉትም አይመለስም።

ሕክምናው የሚመረጠው በዚህ ደረጃ መሠረት ስለሆነ፥ አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንለምናለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ምርመራ

ከፊንጢጣ የሚወጣ ደም ሁሉ የኪንታሮት አይደለም። የአንጀት ካንሰርም በተመሳሳይ ምልክት ሊጀምር ይችላል። በተለይ ክብደት የቀነሰ፥ የሰገራው ልማድ የተለወጠበት፥ ወይም ደም አንሶት የሚደክመው ሰው ፈጥኖ መመርመር ይገባዋል። የሰቆጣና የአካባቢው ነዋሪ ወደ ሩቅ ከተማ ከመነሣቱ በፊት በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ ወይም በሰቆጣው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ቢታይ፥ ገንዘቡንም ጊዜውንም ይቆጥባል። በ1ኛና በ2ኛ ደረጃ ያለ ብዙ ሕመምተኛ ምግቡን በማስተካከልና በመድኃኒት ይሻለዋል። ይህ ካልበቃም ኪንታሮቱን በትንሽ የላስቲክ ቀለበት በማሠር የሚደረግ ቀላል ሕክምና አለ።

ኪንታሮትን በሚያቃጥል ቅጠል ወይም በጋለ ብረት «እነቅላለሁ» ከሚል ሰው ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቃጠሎው የፊንጢጣውን ቆዳና ጡንቻ ስለሚያበላሽ ጠባሳው መውጫውን ያጠበዋል፤ አንዳንዱም ሰገራውን መቆጣጠር ይሳነዋል። ይህን ጉዳት መጠገን ኪንታሮቱን ከማከም እጅግ ይከብዳል።

የሌዘር ሕክምና እንዴት ይደረጋል?

ሌዘር ማለት ተሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኃይለኛ ብርሃን ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር በ1960 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) የሠራው ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። በአገራችን ይህን ሕክምና በአዲስ አበባ የሚሰጡ የግል ሕክምና ቤቶች አሉ።

ታካሚው ከወገቡ በታች ወይም በሙሉ ከደነዘዘ በኋላ፥ ሐኪሙ በፊንጢጣው ጠርዝ እጅግ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ እንደ ክር የቀጠነ የብርሃን ማስተላለፊያ ወደ ኪንታሮቱ ውስጥ ያስገባል። ብርሃኑ ወደ ሙቀት ተለውጦ የደም ሥሮቹን ያኮማትራል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ አብዛኛውም ታካሚ በዚያው ቀን ወደ ማረፊያው ይመለሳል። እብጠቱ ግን በአንድ ቀን አይጠፋም፤ በሚከተሉት ሳምንታት ቀስ በቀስ ይሟሽሻል።

ሕክምናው በይበልጥ የሚስማማው ለ2ኛና ለ3ኛ ደረጃ ነው። ኪንታሮቱን ቆርጦ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር ሕመሙ ያነሰ ነው፤ ታካሚውም ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ነገር ግን በሽታው እንደገና የመመለሱ ዕድል ከመቁረጡ ይልቅ ከፍ ያለ ነው። ለ4ኛ ደረጃ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ቆርጦ ማውጣቱ ነው። ስለዚህ «ሌዘር ያለ ምንም ሕመም ለዘለዓለም ይፈውሳል» የሚለውን ማስታወቂያ ሰምቶ ከብቱን ሸጦ የሚነሣ ሰው፥ አስቀድሞ ደረጃውን ያስመርምር፤ ዋጋውንም ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር አለባቸው።

ከሕክምናው በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም፥ እብጠት፥ ጥቂት ደምና እርጥበት መታየቱ የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። ሕመምተኛው የታዘዘለትን ማስታገሻ ይውሰድ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ። ሰገራው እንዳይደርቅ ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ ጎመን፥ ንፍሮና የገብስ ቂጣ፥ እንዲሁም የተልባ መጠጥ ይጠቅሙታል። አረቄ ይተው፤ ሚጥሚጣና በርበሬ የበዛበትን ወጥ ቍስሉ እስኪሽር ይቀንስ። ጾመኛ የሆነ ሰውም ውሃ የሚጠጣበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይመካከር።

ከባድ ሸክም ማንሣት ለጥቂት ሳምንታት መቅረት አለበት። ወደ ሰቆጣ የሚወስደው የመኪና መንገድ ረጅም ስለሆነ፥ ታካሚው ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ባይሳፈር መልካም ነው። የደም መፍሰስ ከሳምንት በኋላ እንኳ ሊነሣ ይችላልና። ብዙ ደም ከፈሰሰ፥ ትኩሳት ከመጣ፥ ሽንት ከታገደ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ሳይዘገይ ወደ ሕክምና ቦታ መሄድ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም መምህራንን የምንጠይቀው አለ። ተማሪ የሰገራ ስሜት ሲመጣበት ፈርቶ እንዳይቋጥር ፈቃድ ይስጡት፤ የትምህርት ቤቱም መጸዳጃ ንጹሕና በር ያለው እንዲሆን ይትጉ። ስለ ፊንጢጣ ሕመም እንደ ጥርስና እንደ ዐይን ሕመም ያለ ኀፍረት መናገር ሲለመድ፥ ሕመምተኛው በጨለማ ወደ አቃጣዩ ሳይሆን በብርሃን ወደ ሐኪሙ ይሄዳል።