ታሪፍ ሲጣል ከፋዩ ማነው?



ዛሬ የዋጋ ዝርዝር አይደለም። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን ላስረዳ፦ "አሜሪካ የሌላ አገር ቡና ላይ ታሪፍ ስትጥል ለእኛ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?"

ታሪፍን ለመረዳት ኬላን ማሰብ ይበቃል። ከጎጃም ጤፍ የጫነ መኪና ኬላ ላይ በኩንታል ሲከፍል ነጋዴው ከኪሱ ችሎ ዝም አይልም። ወይ ገበሬው ላይ ይቀንሳል፣ ወይ አዲስ አበባ ላይ ይጨምራል። ታሪፍም ድንበር ላይ የቆመ ኬላ ነው። ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው ደግሞ አስመጪው እንጂ ላኪው አገር አይደለም።

ነፃ ንግድ ይሻላል የሚሉት ሐሳባቸው ቀላል ነው። የጅማ ገበሬ ቡናው ስለሚያዋጣው ቡናውን ሸጦ ጤፍ ይገዛል፤ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ እ.ኤ.አ. በ1817 ይህንኑ በእንግሊዝ ጨርቅና በፖርቹጋል ወይን አስረድቷል። ገበያችን ይጠበቅ የሚሉትም መልስ አላቸው። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ሊስት በ1841 እንደተከራከረው፣ ጀማሪ ፋብሪካ ከደረጀ ፋብሪካ ጋር እኩል አይሮጥም፤ እስኪጠነክር ከለላ ይፈልጋል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ግን እንደ ደላላ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ማን ተጠበቀ? ማን ከፈለ? ሦስት ምሳሌ እንይ።

1ኛ፦ የእንግሊዝ ስንዴ። እ.ኤ.አ. በ1815 የወጣው ሕግ የአገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር 80 ሽልንግ ካልደረሰ የውጭ ስንዴ ገበያ እንዳይገባ ከለከለ። የተጠበቀው ባለመሬቱ ነው፤ የከፈለው ዳቦ ገዝቶ የሚበላው ሠራተኛ ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ በ1846 ተሻረ።

2ኛ፦ የእኛ ጤፍ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደ። ይሄ ደግሞ ግልባጩ ነው። የተጠበቀው እንጀራ በላተኛው ነው፤ የከፈለው የውጭ ዋጋ የቀረበት ገበሬ ነው። እገዳው ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ግን ነፃ አይደለም፣ ከፋይ አለው።

3ኛ፦ የብራዚል ቡና። አሜሪካ ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በብራዚል ላይ ታሪፉን 50 ፐርሰንት አደረሰች። እስቲ እናስላው፦ ቡና በፓውንድ 3 ዶላር ቢሆን ቀረጡ ብቻ 1.50 ዶላር ነው። በፈረሱላ ወደ 56 ዶላር ይመጣል! ታዲያ ማን ተጠበቀ? አሜሪካ ውስጥ ቡና የሚበቅለው ሃዋይና ፖርቶሪኮ ነው፤ ከምትጠጣው 1 ፐርሰንት እንኳ አይሞላም። የሚጠበቅ ገበሬ በሌለበት ታሪፍ ጠጪው ላይ የተጫነ ግብር ነው። ከምታስገባው ሲሶ ያህሉ ከብራዚል ስለሆነ በቀላሉ የሚተካም አይደለም። ከ3 ዶላር በታች የነበረው የኒውዮርክ ዋጋ በመስከረም ከ4 ዶላር አለፈ። የብራዚል የአየር ጠባይም አግዞታል፤ ሁሉንም በታሪፍ ማሳበብ ልክ አይሆንም።

በኛ ላይ የነበረው ታሪፍ 10 ፐርሰንት ስለነበር ብዙ ሰው ተደሰተ። አንድ የማከብራቸው አቅራቢ ደውለው "አንተ ልጅ፣ ብራዚል ተመታች! አሁን ማን ቡና ይሸጣል?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ግማሹን እንኳ እንልቀቀው" ብላቸው እንቢ አሉ። 4 ዶላር ሲገባ 5 እስኪደርስ ጠበቁ።

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. አሜሪካ በብራዚል ቡና ላይ የጨመረችውን 40 ፐርሰንት አነሳች። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ደግሞ የእኛን 10 ፐርሰንት ጨምሮ የቡናውን ታሪፍ አንስታ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሸማቹ በኑሮ ውድነት አማሮ ነበር። በማግስቱ ኒውዮርክ ወረደ። እዚህ ደግሞ አዲሱ ቡና መግቢያው ደርሶ ነበር። ጋሼ መጋዘን ያለውን አሮጌ ቡና የሸጡት መስከረም ላይ እንቢ ካሉት ዋጋ በታች ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንይዘው፦

👉 ታሪፍ በሰማችሁ ቁጥር መጀመሪያ "እዚያ አገር የሚጠበቅ አምራች አለ ወይ?" በሉ። ካለ ታሪፉ ሊቆይ ይችላል፤ የሚከላከልለት ሰው አለውና። ከሌለ ጠጪው ሲጮህ ይነሳል።

👉 ውርጭና ድርቅ ያመጣው ዋጋ ዛፉ እስኪያገግም ይቆያል። ፊርማ ያመጣው ዋጋ በሌላ ፊርማ ይሄዳል።

👉 በሰው አገር ታሪፍ ተማምናችሁ ቡና አታስቀምጡ፤ በተለይ በብድር የገዛችሁ። ወለዱ ታሪፍ አይጠብቅም።

ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር አለሁ። መልካም ገበያ!