ጥሩ ጠላ ከጎተራ ይጀምራል

የጥምቀት በዓል ሲቃረብ በአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎች ጋን ይታጠባል፣ ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅል ይሰጣል። ልምድ ላላት ባለሙያ ይህ የየዓመቱ ሥራ ነው። አዲስ ጎጆ ወጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ እጅ ለምትጠምቅ ሴት ግን ቀላል አይደለም። ለአንድ ድግስ የሚወጣው እህል ብዙ ነው። ጠላው ከሆመጠጠ፣ ከሻገተ ወይም ሳይፈላ ከቀረ እህሉ፣ ማገዶውና የቀናት ድካሙ አብረው ይባክናሉ።

ጠላ ሲበላሽ ጥፋቱ የሚላከከው በጠማቂዋ ወይም በጋኑ ነው። ይሁንና ጋኑ ከመታጠቡ ከወራት በፊት በማሳ፣ በአውድማና በጎተራ የተሠራ ስህተትም ጠላውን ያበላሻል። የዚህ ምክንያቱ ጠላ የሚቆመው በብቅል፣ ብቅል ደግሞ የሚቆመው ሕይወት ባለው እህል ላይ መሆኑ ነው።

የብቅል ሥራ

ገብስ፣ ስንዴ፣ ዳጉሳ ወይም በቆሎ በውስጡ የሚይዘው ዋና ነገር ስታርች ነው። እርሾ ደግሞ ስታርችን እንዳለ መጠቀም አይችልም፤ የሚፈልገው ስኳር ነው። እህሉ መብቀል ሲጀምር ለቡቃያው ምግብ ለማዘጋጀት ኢንዛይም የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል። እነዚህ ስታርቹን እየሰባበሩ ወደ ስኳር ይለውጡታል። ጠማቂዋ የምታደርገው እህሉን ካበቀለች በኋላ ቡቃያው ምግቡን ሳይጨርሰው ማድረቅ ነው። ብቅሉ በጋን ውስጥ እንደገና ውሃ ሲያገኝ ያቋረጠውን ሥራ ይቀጥላል፤ የራሱን ብቻ ሳይሆን አብሮት የገባውን የእንኩሮና የቂጣ ስታርች ጭምር ወደ ስኳር ይለውጣል። እርሾው ስኳሩን ተመግቦ አልኮልና ጋዝ ይፈጥራል። ጠላው ሲፈላ የሚታየው አረፋ ይኸው ጋዝ ነው።

የቢራ ፋብሪካም የሚከተለው መንገድ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ፋብሪካው የተፈጨውን ብቅል ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቅ ውሃ በጥብጦ ስታርቹ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲለወጥ ማድረጉ፣ ለምሬትና ለመዓዛም በጌሾ ፋንታ ሆፕስ የተባለውን ተክል አበባ መጠቀሙ ነው። ጠላ ውስጥ ለውጡ በቀዝቃዛ ውሃ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይካሄዳል። በመሆኑም ደካማ ብቅል በጠላ ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ስኳሩ ቶሎ ካልተፈጠረና እርሾው ካልበረታ ቦታውን ኮምጣጤ የሚፈጥሩ ተሕዋስያን ይይዙታል።

100 ፍሬ የሚሰጠው መልስ

ገብሱ ለብቅል ይሆን እንደሆነ ማወቅ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከጆንያው ላይ፣ ከመካከሉና ከታች ጥቂት ጥቂት ገብስ ይዘገናል። ከተደባለቀው ውስጥ ሳይመረጥ 100 ፍሬ ተቆጥሮ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቀለላል። ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተጠበቀ በ3ኛው ቀን ይፈታል። ከ95 በላይ ፍሬ ከበቀለ ገብሱ ለብቅል ጥሩ ነው። 80 ያህል ብቻ ከበቀለ ግን ከየ5 ፍሬው አንዱ የሞተ ነው ማለት ነው። የሞተ ፍሬ ውሃ ጠጥቶ መቀመጡ አይቀርምና በሚዘፈዘፍበት ጊዜ የሻጋታ መነሻ ይሆናል።

ገብስ የማይበቅልበት ምክንያት በርከት ያለ ነው። እርጥበቱ ሳይወጣ የተከመረ እህል በከመራው ሙቀት ፅንሱ ይሞታል። ነቀዝ የበላው፣ በውቂያ ጊዜ የተሰበረ ወይም ሲወቃ የተፈገፈገ ፍሬም አይበቅልም። ዝናብ አግኝቶት በአዝመራው ላይ ሳለ የጎነቆለ ገብስ ደግሞ ኃይሉን ቀድሞ ጨርሷል።

ለጥምቀት የምትጠምቅ ሴት ልታስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ የታጨደ አንዳንድ ገብስ ጤናማ ሆኖም ወዲያው አይበቅልም፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ማረፍ ይፈልጋል። የ100 ፍሬው ፍተሻ ይህንንም ያሳያል። አዲሱ ገብስ ገና ከሆነ ለብቅሉ በደንብ የተቀመጠ የአምናውን መጠቀም፣ አዲሱን ለእንኩሮው ማድረግ ይሻላል። እንኩሮው የሚቆላና የሚበስል በመሆኑ እህሉ መብቀል መቻሉ አያስፈልግም።

ከመዘፍዘፍ እስከ ማስጣት

ለመጀመሪያ ሙከራ 5 ኪሎ ግራም ገብስ በቂ ነው፤ በሚገባ ከተሠራ 4 ኪሎ ያህል ደረቅ ብቅል ይወጣዋል። ገብሱ ተበጥሮና ተለቅሞ ይታጠባል፤ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቀሊል ፍሬ ይወገዳል። ከዚያም ለአንድ ቀን ያህል ይዘፈዘፋል። በዚህ መካከል ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ መለወጥ ያስፈልጋል፤ ፍሬው ሕያው ስለሆነ አየር ይፈልጋል፤ በአንድ ውሃ ታፍኖ ከቆየ ይሞታል፣ ሽታውም ይለወጣል።

ውሃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ገብሱ በኮባ ቅጠል ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ጥላ ባለበት ቦታ ይቀመጣል። ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል፤ በቆላ ያጥራል፣ በደጋ ይረዝማል። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ማገላበጥ ግድ ነው። የሚበቅል እህል ሙቀት ያመነጫል፤ ካልተገላበጠ መካከሉ ይግላል፣ ሥሩ እርስ በርሱ ይተበተባል፣ ሻጋታም ያገኘዋል። የላዩ ከደረቀ ጥቂት ውሃ ይረጭበታል።

ብቅሉ መድረሱ የሚታወቀው በሥሩ ርዝመት ብቻ አይደለም። አንዱን ፍሬ ሰንጥቆ ማየት ይጠቅማል፤ በገለባው ሥር የሚያድገው ቡቃያ የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ሲያክል ለመስጣት ደርሷል። አረንጓዴ ቅጠል እስኪያወጣ ከተተወ ጠላ ይሆን የነበረውን ስታርች ቡቃያው ይበላዋል። የደረሰው ብቅል በስሱ ተሰጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ይገባል። በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ካለ ደርቋል። ከዚያ ሥሩ ታሽቶ ይራገፋል።

እሳትና ብቅል አይገናኙም

አጠማመዱ ከአካባቢ አካባቢ ቢለያይም አካሄዱ ተቀራራቢ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ የተፈጨ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል፤ ይህ ጥንስሱ ነው። ጥንስሱ ሲነሣ ከተቆላ እህል ዱቄት የተሠራው እንኩሮ ተጨምሮ ይደፈደፋል። ድፍድፉ ከቀናት በኋላ ውሃ ተሞልቶበት ጋኑ ይመረጋል። ሳምንት ያህል ሲቆይ ተጠልሎ ይጠጣል፤ በቀረው ላይ ውሃ ተጨምሮ ደግሞ ቅራሪ ይወጣል።

በዚህ ሁሉ ሂደት ለጀማሪ ትልቁ ወጥመድ ሙቀት ነው። እህሉ የሚቆላው ለቀለምና ለጣዕም ነው፤ ብቅል ግን ፈጽሞ አይቆላም። ኢንዛይሙ ከ80 ዲግሪ በላይ ይሞታል፤ እርሾ ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት፣ በ50 ዲግሪ አካባቢ ያልቃል። ስለዚህ ከምጣድ የወጣ ትኩስ እንኩሮ ጥንስሱ ላይ ከተገለበጠ ለሳምንት የተደከመበት ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። እንኩሮው እጅ ሲነካው ቀዝቃዛ እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል።

ጌሾም ልክ አለው። ምሬቱን ከመስጠቱም በላይ ጠላውን ከሚያበላሹ ተሕዋስያን ይከላከላል። ሲበዛ ግን ጠላው አይጠጣም። ለመጀመሪያ ጊዜ በትንሽ እንስራ ሞክሮ የጌሾውንና የብቅሉን ልክ ማወቅ ከትልቅ ጋን ኪሳራ ያድናል።

ፈጽሞ ለብቅል የማይውል እህል

የጣዕም ስህተት በሚቀጥለው ጊዜ ይታረማል፤ የጤና ስህተት ግን ላይታረም ይችላል። በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር ከመዝራት ቢተርፍ ለብቅል፣ ለእንኩሮም ሆነ ለቆሎ መዋል የለበትም። ቀለም የተቀባው ሰው እንዳይበላው ለማስጠንቀቅ ነው፤ ቀለሙ በውሃ ቢታጠብ እንኳ መርዙ ወጣ ማለት አይደለም። ለነቀዝ በጎተራ የሚቀመጠው እንክብልም የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል፤ ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ ሊቀመጥ አይገባም። እህልን በሚገባ አድርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ማስቀመጥ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይከላከላል፤ ሲዘጋ በደንብ የደረቀ ከሆነ የመብቀል ኃይሉንም ይጠብቃል።

የሻገተ እህልና የሻገተ ብቅልም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ በመቁላትም ሆነ በመፍላት አይጠፋም። ጠላው ተጠልሎ የሚቀረው አተላ ለከብት የሚሰጥ በመሆኑ ጉዳቱ ከሰው አልፎ ለከብቱም ይተርፋል። የሻገተ ብቅል ለቅሞ ከማዳን ሁሉንም መጣል ይመረጣል።

ለቤትም ለገበያም

በጎንደርና በደብረ ብርሃን ያሉትን ጨምሮ የብቅል ፋብሪካዎች ከአርሶ አደሩ ገብስ ሲቀበሉ የሚፈትሹት ጠማቂዋ የምትፈትሸውን ነው፤ ፍሬው ይበቅላል ወይ? ደርቋል ወይ? ንጹሕና እኩል ነው ወይ? በዚህ ላይ የፕሮቲኑን መጠን ይለካሉ። ለቢራ የሚፈለገው በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 በመቶ ነው። ፕሮቲኑ ሲበዛ ስታርቹ ስለሚያንስ ከአንድ ኩንታል የሚገኘው ምርት ይቀንሳል። ዩሪያ ከልክ በላይ ወይም ዘግይቶ የተጨመረበት ማሳ ፕሮቲኑ ከፍ ያለ ገብስ ይሰጣል። ማሳው ለምለም ሆኖ ሳለ ገብሱ ከፋብሪካ በር የሚመለሰው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የተለያዩ ዝርያዎችን መቀላቀልም ያስጥላል፤ ቅልቅል ገብስ እኩል ውሃ አይጠጣም፣ እኩልም አይበቅልም።

ስለዚህ በቤት ውስጥ ብቅል የምታበቅለው ሴት የቤተሰቡ የጥራት መርማሪ ናት ማለት ይቻላል። ከየትኛው ማሳ የመጣው ገብስ እኩል እንደበቀለ፣ የትኛው ጆንያ እንደሻገተ፣ የትኛው ዝርያ ጥሩ ብቅል እንደሚወጣው ቀድማ የምታውቀው እርሷ ናት። ዘር ሲመረጥ፣ ጎተራ ሲሠራና እህል ለገበያ ሲለይ ምክሯ ሊጠየቅ ይገባል። በግብርና ባለሙያዎች የሚሰጠው የድኅረ ምርት ሥልጠናም አባወራውን ብቻ ሳይሆን እርሷንም ቢያካትት ጥቅሙ ለቤትም ለገበያም ነው።

በአሁኑ ወቅት ገብሱን ወቅቶ ወደ ጎተራ የሚያስገባ አርሶ አደር ከየጆንያው 100 ፍሬ በረጠበ ጨርቅ ቢፈትሽ በ3 ቀን ውስጥ ሦስት ነገር ይለያል፦ ለዘር የሚቀመጠውን፣ ለብቅል የሚሆነውንና ለምግብ የሚውለውን። ለዘርና ለብቅል የተለየው በደንብ ደርቆ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይሁን፤ ከመዘራቱ ወይም ከመዘፍዘፉ በፊትም እንደገና ይፈተሽ።