በአንድ ቀን የወጣ ስም

ኒዌ በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ትንሽ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1774 እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ጄምስ ኩክ ከባሕሯ ዳርቻ ሲወርድ ነዋሪዎቹ ድንጋይና ጦር ወረወሩበት። ከእርሱ ወገንም ጥይት ተተኮሰ። አንዱ ጦር ትከሻውን ለጥቂት ሳተው። ኩክም «የአረመኔዎች ደሴት» ብሎ ስም አወጣላትና ጉዞውን ቀጠለ። ቤታቸው አልገባም፣ ከማዕዳቸውም አልቆረሰም። ስሙ ግን በአውሮፓውያን ካርታ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

በኋላ የመጡ ሰዎች እንደመዘገቡት፣ የደሴቲቱ ሰዎች እንግዳ በሽታ ይዞ ይመጣል ብለው አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ፍርሃታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ከመርከብ የወረደ በሽታ በፓስፊክ ደሴቶች ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል።

እ.ኤ.አ. በ1830 ሚሲዮናዊው ጆን ዊሊያምስ ወንጌልን ለማስገባት ሞክሮ አልተሳካለትም። በ1846 ግን ኑካይ ፔኒያሚና የተባለ የኒዌ ተወላጅ መጣ። ፔኒያሚና ማለት ብንያም ነው። በሳሞአ ደሴት ጌታን አምኖ የእግዚአብሔርን ቃል ተምሮ ነበር። የገዛ ወገኖቹ እንኳ በሽታ ያመጣብናል ብለው ፈሩት። የሙታላው መንደር ሰዎች ግን ተቀብለው ጠበቁት። ከእርሱ በኋላ በ1849 ፓውሎ የተባለ የሳሞአ ወንጌላዊ መጣ። አውሮፓዊው ሚሲዮናዊ ጆርጅ ሎውስ በ1861 ሲደርስ አብዛኛው ሕዝብ ክርስትናን ተቀብሎ ቆየው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1862 እና 1863፣ ለፔሩ ጉልበት ሠራተኛ የሚያድኑ መርከቦች መጥተው የኒዌን ሰዎች አፍነው ወሰዱ። ታዲያ አረመኔው ማን ነበር?

ጌታ ኢየሱስ በማርቆስ 5 አጋንንት ያደሩበትን ሰው ከፈወሰ በኋላ ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ ሰደደው። አገር ሁሉ የሚያውቀው በመቃብር ቦታ በመጮኹ ነበር፤ ጌታ ግን ምስክር አደረገው። ኒዌም በየዓመቱ በጥቅምት ወር በዓል አድርጋ የምታስበው ስም ያወጣላትን አዛዥ ሳይሆን ወንጌል ይዞ የተመለሰውን ልጇን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ በቤታችንስ «አስቸጋሪው» ወይም «ደንቆሮዋ» የሚል ስም የወጣለት ልጅ የለም? በአንድ ክፉ ቀን የወጣ ስም ዕድሜ ልክ ሊከተለው ይችላል። ድንጋይ የሚወረውረውን ልጅ ስም ከማውጣታችን በፊት ቀርበን «ምን ፈራህ?» ብለን እንጠይቀው። ነገ ወንጌልን ወደ ወገኖቹ የሚወስደው እርሱ ሊሆን ይችላልና።