ጅብ በሐረር ብርቅ ነውን?

ባለፈው ሰሞን ለጥቂት ቀን ሐረር ወርጄ ከሸዋ በር ውጭ በምትኖረው አክስቴ ቤት ባረፍሁ ጊዜ፥ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅዋ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ከአጠገቤ ተቀመጠች። መምህሯ «ሬር» የተባለውን ቃል በአምስት ዐረፍተ ነገር እንድታስገባ አዝዘዋታል። የቃሉን ፍች በደብተሯ ጠርዝ ላይ «ብርቅ» ብላ ጽፋለች። በሐረር ከብርቅ ሁሉ የሚበልጥ ብርቅ ምን አለ ብላ ዐሰበችና የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዲህ ስትል ጀመረች፦ «ሃይናስ አር ሬር ኢን ሐረር»። ይህ ግን ወደ አማርኛ ሲመለስ «በሐረር ጅብ እምብዛም አይገኝም» ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ! ጀምበር ስትጠልቅ ጅብ ከግንቡ ውጭ ተሰብስቦ ከሰው እጅ ሥጋ በሚቀበልበት፥ የጀጎል ግንብ ራሱ ጅብ የሚሾልክበት ቀዳዳ በተተወለት፥ ቀዳዳውም በሐረሪ ቋንቋ «ወራባ ኑዱል» የሚል ስም በወጣለት ከተማ ጅብ አይገኝም ተብሎ ተጻፈ። ይህንኑ ብነግራት ልጅቱ አልተበገረችም።

«ወንድም ጋሼ፥ ፈረንጁ ሁሉ ከስንት አገር ተነሥቶ ጅብ ሊያይ ይመጣ የለም ወይ? ብርቅ ካልሆነ ምን ሊያይ ይመጣል?»

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙ ስላልቈየሁ መልሱ ከአፌ የሚጠፋ አልመሰለኝም ነበር። ዳሩ ግን መለስ ብዬ ሳስበው የተሳሳተችው በእንግሊዝኛው ሳይሆን በአማርኛው መሆኑን ተረዳሁ፤ እኔም ብሆን እስከዚያች ማታ ድረስ አላስተዋልሁትም ነበር።

«ብርቅ» የምንለው ቃል የነገሩን ማነስ ብቻ አይናገርም፤ የተመልካቹን መደነቅም ይናገራል። ለሕፃን አዲስ ጫማ ብርቅ ነው፤ ጫማ ግን በየሱቁ ሞልቷል። እንግዳው በጅቡ ሲደነቅ የሐረር ልጅ «ምን ብርቅ አለው!» ይላል፤ ጅቡ ግን አንድ ነው። የእንግሊዝኛው «ሬር» ደግሞ ተመልካቹ ማን ነው ብሎ ከመጠየቁ በፊት ስንት አለ፥ በስንት ጊዜስ ይገኛል ብሎ ይጠይቃል። ሥሩ የላቲኑ «ራሩስ» ሲሆን፥ ትርጓሜውም ሳሳ ያለ፥ ተራርቆ የቆመ ማለት ነው። እርግጥ ነው፥ እንግሊዞችም አንድን ተሰጥዎ ወይም አንድን ሰው ሲያመሰግኑ «ሬር» ይላሉ፤ ምስጋናው ግን ከጥቂትነቱ የመነጨ ነው።

ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ የሚገጥሙበትም ጊዜ አለ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር በገባ ጊዜ ከእርሱ በፊት ወደ ከተማይቱ የዘለቀ አውሮፓዊ አይታወቅም ነበርና፥ ለአሚሩም ለሕዝቡም በሁለቱም ቃል ብርቅ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሥራ ሲመጣም ያው ነው። ዛሬ በጀጎል መንገዶች የሚያልፈው ፈረንጅ በአንዱም አይጠራም።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ስለ አንድ የቤት ሥራ ብቻ ብዬ አይደለም። እንግሊዝኛው «ኤንደሚክ» የሚለውን፥ ማለትም በአንድ አገር ብቻ የሚገኘውን፥ እኛ በመማሪያ መጻሕፍትና በአገር ጐብኚ መምሪያ ሁሉ «ብርቅዬ» እያልን እንተረጕመዋለን። ቀይ ቀበሮ ብርቅዬ ነው እንላለን፤ ልክ ነው፥ በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል፥ ቍጥሩም ከ500 ገደማ አይዘልም። ነገር ግን ምንቃረ ወፍራሙ ቁራ ከኢትዮጵያና ከአጎራባቾቿ ደጋ ሌላ አገር የለውም፤ ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ቀና ያለ ሁሉ ያየዋል። እርሱም ብርቅዬ ነው፤ «ሬር» ግን አይደለም።

በአንጻሩ ከሐረር በስተደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ባቢሌ እንሂድ። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመውና ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የዝሆን መጠለያ እዚያ ነው። ዝሆን በሌላም የአፍሪካ አገር ስላለ «ብርቅዬ» ከሚባሉት ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ የባቢሌ ዝሆን ግን ጥቂት መቶ ብቻ ቀርቷል፥ እርሻና ሰፈራ መሬቱን እየገፋበት፥ አዳኝም ለጥርሱ ሲል እየገደለው ነው። በእውነተኛው ፍች «ሬር» የሚባለው ይህ ነበር። ቁራውንም ጭላዳውንም ቀበሮውንም ባንድ ቃል ስንጠራ ከርመን፥ ሊያልቅ ለተቃረበው እንስሳ የምንጮኽበት ቃል አላስቀረንም። ልጅቱ ዝሆን አይታ ታውቅ እንደ ሆነ ብጠይቃት፥ «በመጽሐፍ» አለችኝ።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገሯ በሐረር ውሃ «ሬር» ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ አክስቴ ከጓዳ ሆና «እውነቷን ነው!» ብላ ፈረደችላት፤ ሐረር በውሃ የደረሰባትን ያየ ሰው አይቃወማትም። ከተማይቱን ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ለመስኖ ሲቀዳና ደለል ሲሞላው ደርቆ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ነው መልሶ ውሃ መያዝ የጀመረው። ነገር ግን ለዕለት ኑሮ የሚያስፈልግ ነገር ከሚበቃው ሲያንስ እንግሊዞች «ስኬርስ» ይላሉ እንጂ «ሬር» አይሉም። በሸሪፍ ሙዚየም የሚታየው፥ የሐረር አሚሮች ያስመቱት መሐለቅ «ሬር» ነው፤ በጀሪካን የሚጠበቀው ውሃ «ስኬርስ» ነው። መሐለቁን ያጣ ሰው ግን አይጠማም።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ «ሬርሊ» ነው። እኛ «እምብዛም» ካልን በኋላ ግሡን ሳናፈርስ አንቀርም፦ እምብዛም አይመጣም፥ እምብዛም አይዘንብም። የእንግሊዝኛው ቃል ግን አፍራሹን በሆዱ ይዞታል። ልጅቱ «በታኅሣሥ ሐረር እምብዛም አይዘንብም» ለማለት ዐስባ «ኢት ሬርሊ ዳዝ ኖት ሬይን» ብላ ጻፈች፤ በዚህም ታኅሣሥን ከሐምሌ የባሰ ዝናባም አደረገችው። ስለዚህ ለተማሪ የሚሻለው «እምብዛም»ን ትቶ «ከስንት አንዴ ይዘንባል» ብሎ ማሰብ ነው፤ ግሡ ሳይፈርስ ይቀርለታልና።

በሆቴል የምግብ ዝርዝር ላይ «ሬር» የተባለ ሥጋ ያየ ሰውም በጭንቅ የተገኘ ሥጋ እንዳይመስለው። እርሱ ከሌላ የጥንት እንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው፤ መጀመሪያም ለብ ብሎ ለተቀቀለ እንቍላል ይነገር ነበር። እኛ ለብ ለብ የምንለው ነው።

በመጨረሻ ጅቡ ተሰርዞ የባቢሌ ዝሆን ገባ፤ ውሃው ወጥቶ መሐለቁ ተተካ፤ የታኅሣሥም ዝናብ ቀረ። በርተንም አራተኛው ሆነ። ለአምስተኛው እንዳልረዳት ነግራኝ ደብተሯን በክንዷ ከልላ ጻፈችና አሳየችኝ። ወንድም ጋሼ ወደ ሐረር «ሬርሊ» ይመጣል ይላል። ግሡን አላፈረሰችም። እናትዋ ምን እንደ ጻፈች ጠየቀቻት፤ ስትተረጕምላትም ወደ እኔ ዞራ «ይህኛውስ ልክ ነው?» አለችኝ።

ልክ ነው አልኋት።