በኡጋንዳ ስለ ወደቁ የሰማይ ድንጋዮችና ስለ ምስክሮቻቸው ቃል

ከሰማይ ድንጋይ እንደሚወርድ ዛሬ የሚጠራጠር ሊቅ የለም። ነገር ግን ይህ እውነት በአውሮፓ አካዳሚዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘው፥ በሚዛንና በመነጽር ኃይል ብቻ ሳይሆን በመንደር ሰዎች የዓይንና የጆሮ ምስክርነት ጭምር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህ የሰማይ ድንጋይን ነገር ለሥነ ከዋክብትና ለሥነ ማዕድን ሊቃውንት ብቻ መተው ተገቢ አይመስለንም፤ የሕዝብን ቃል መሰብሰብና መመርመር ሥራው የሆነ የባህል ተመራማሪም በጉዳዩ ድርሻ አለው። በዚህ ጽሑፍ በኡጋንዳ የደረሱትን የታወቁ ውድቀቶች፥ በተለይም በ1992 በምባሌ ከተማ የወረደውን፥ ምሳሌ አድርገን ይህን ድርሻ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ተወርዋሪ ኮከብ» የምንለው ኮከብ አይደለም፤ በኅዋ የሚዞር ትንሽ አካል ወደ አየራችን በታላቅ ፍጥነት ሲገባ የሚታየው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከአጥቢያ ኮከብ፥ ማለትም ከቬኑስ፥ ይልቅ የደመቀ ሲሆን ሊቃውንት ለይተው ይመዘግቡታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ነበልባላዊ ተወርዋሪ» እንለዋለን። ከዚህ ሁሉ እሳት ተርፎ መሬት የሚደርሰው ቁራጭ ግን «የሰማይ ድንጋይ» ነው። የሰማይ ድንጋይም በመዝገብ ላይ በሁለት ይከፈላል። ሲወርድ ሰዎች አይተውት ወይም ሰምተውት ወዲያው የተነሣው «ውድቀት» ይባላል፤ መቼ እንደ ወደቀ ሳይታወቅ በሜዳ ወይም በበረሃ የተገኘው ደግሞ «ግኝት» ይባላል። በዓለም ላይ ስም ተሰጥቷቸው የተመዘገቡት የሰማይ ድንጋዮች ከ70,000 በላይ ሲሆኑ፥ ከእነዚህ ውስጥ ምስክር ያላቸው ውድቀቶች ከ1,200 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። እንግዲህ ውድቀትን ከግኝት የሚለየው የድንጋዩ ጠባይ ሳይሆን የሰው ምስክርነት ነው ማለት ነው።

ይህ ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። ድንጋዩ በኅዋ ሳለ የኮስሚክ ጨረር እየመታው በውስጡ አንዳንድ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች ይፈጠራሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ መሬት ከደረሰ በኋላ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ እየከሰሙ ይጠፋሉ። ስለዚህ በቶሎ ተነሥቶ ወደ ቤተ ሙከራ የገባ ድንጋይ የሚናገረውን፥ ከዓመታት በኋላ የተገኘው ሊናገር አይችልም። በተጨማሪም ዝናብ በሚበዛበት አገር በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ፥ ጥቁሩና ስሱ ቅርፊቱ ተልጦ፥ ከአፈሩ ጋር ይመሳሰላል። በአጭሩ፥ ውድቀቱን ያየና የተናገረ ሰው ባይኖር ድንጋዩም አብሮ ይጠፋል።

የመንደር ሰው ቃል በሊቃውንት ፊት የነበረው ዋጋ ግን ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። በ1768 በፈረንሳይ አገር በሉሴ አንድ ድንጋይ ሲወርድ ገበሬዎች አይተው ነበር። ላቩዋዚዬ ከመካከላቸው የሚገኝበት የፓሪስ አካዳሚ መርማሪዎች ድንጋዩን በኬሚስትሪ መረመሩና፥ መብረቅ የመታው የምድር ድንጋይ ነው ብለው ፈረዱ። ድንጋዩን መረመሩ፤ ምስክሮቹን ግን አላመኑም። በ1794 የጀርመኑ ሊቅ ክላድኒ የተቃራኒውን መንገድ ያዘ። የሕግ ትምህርት የተማረ ሰው ስለ ነበረ፥ በልዩ ልዩ ዘመንና አገር የተመዘገቡትን የምስክሮች ቃሎች እንደ ዳኛ አነጻጽሮ፥ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር የተናገሩት እውነት ቢሆን ነው ሲል ደመደመ። ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር። በ1803 በፈረንሳይ በሌግል ከ2,000 በላይ ድንጋዮች በወረዱ ጊዜ ግን መንግሥት ዣን ባፕቲስት ቢዮን ላከ። ቢዮም ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወረ ልዩ ልዩ ሰዎችን ጠየቀ፤ የቃላቸውን ስምምነት ከድንጋዮቹ አወዳደቅ ጋር አስተያየ፤ ነገሩም በዚያ ተቋረጠ። የዚህ ጥናት መሠረት የተጣለው ዛሬ እኛ የመስክ ሥራ በምንለው ዘዴ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሁን ወደ ኡጋንዳ እንምጣ። በዚያች አገር ከተረጋገጡት ውድቀቶች የታወቁት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በ1942 በደቡብ ምዕራብ በማዚባ የወረደው፥ 5 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነው ድንጋይ ነው። ሁለተኛው በ1945 በሶሮቲ የወረደው ሲሆን፥ ክብደቱ በጠቅላላው 2 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ብረትና ብዙ የብረት ሰልፋይድ የተቀላቀለበት፥ ከተለመዱት ክፍሎች ውስጥ የማይገባ ብርቅ ዓይነት ነው። ሦስተኛው የምባሌ ነው። ፈረንሳይ በስፋት ኡጋንዳን ሁለት ጊዜ ከጥቂት ትበልጣለች፤ የተመዘገቡላት ውድቀቶች ግን ከ60 በላይ ናቸው። የሰማይ ድንጋይ አገር አይመርጥም። ልዩነቱ የሰማዩ ሳይሆን የመዝገቡ ነው፤ ማለትም ማን አየ ብቻ ሳይሆን ማን ጠየቀ፥ ማንስ ጻፈ የሚለው ነው።

ምባሌ በኤልጎን ተራራ ምዕራባዊ ግርጌ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢው ባላገሮች ባጊሱ ሲሆኑ ሙዝና ቡና ያለማሉ፤ አገሩም ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበት ነው። ነሐሴ 8 ቀን 1984 ዓመተ ምሕረት፥ ማለትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 14 ቀን 1992፥ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ ታላቅ ፍንዳታ ተሰማ፤ ከደቂቃዎችም በኋላ በከተማይቱና በዙሪያዋ ድንጋይ ዘነበ። ድንጋዮቹ የተበተኑበት ቦታ በወርድ 3፥ በርዝመት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ። የደረሰው ጉዳት ቀላል ነበር። ከ4 ግራም የማይበልጥ አንድ ድንጋይ የሙዝ ቅጠል መትቶ ከተገታ በኋላ በአንድ ልጅ ራስ ላይ ዐረፈ፤ ልጁም አልቆሰለም። የሰማይ ድንጋይ ሰውን መምታቱ በተረጋገጠባቸው እጅግ ጥቂት ታሪኮች ውስጥ ይህ አንዱ ነው።

ከውድቀቱ በኋላ ብዙ ሳይቆይ የሆላንድ የተወርዋሪ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር አባላት ወደ ቦታው ሄደው የምስክሮችን ቃል ሰበሰቡ፤ ከ0.19 ግራም እስከ 27.4 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ 48 ድንጋዮች የወደቁበትንም ትክክለኛ ቦታ ለይተው መዘገቡ። አንዱ ድንጋይ በወደቀ በ12 ቀኑ የራዲዮአክቲቭ ምርመራ ተደረገለት። እስከ ኦክቶበር 1993 ድረስ ክብደታቸው የታወቀው ድንጋዮች 863 ደረሱ። ከዚህ ሁሉ የተገኘው ሒሳብ የሚከተለው ነው። አካሉ ወደ አየራችን ሲገባ 1,000 ኪሎ ግራም ያህል ሳይመዝን አይቀርም፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 13.5 ኪሎ ሜትር ያህል ነበረ፤ መሰነጣጠቅ የጀመረው ከ25 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ሳለ ነው፤ ፈጽሞ የተሰባበረው ደግሞ ከ10 እስከ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሬት የደረሰው 190 ኪሎ ግራም ያህል ሲገመት፥ የተሰበሰበው 150 ነው። በቦታው ሰማዩን የሚጠብቅ ልዩ መሣሪያ አልተተከለም ነበር። ከገበሬ ማሳና ከከተማ ደጃፍ በተሰበሰበ ቃልና ድንጋይ ተነሥቶ፥ አካሉ በፀሐይ ዙሪያ ይሄድበት የነበረውን መንገድ እስከ መገመት ተደርሷል።

ይሁን እንጂ የምስክር ቃል እንዲህ ያለ ፍሬ የሚሰጠው ጠያቂው መጠየቅን ሲያውቅ ነው። በመጀመሪያ ሰዓቱን እንመልከት። በሉጋንዳም ሆነ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቈጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ለእኛ 9 ሰዓት የሆነው ለእነርሱም 9 ሰዓት ነው፤ ለአውሮፓዊው ግን 3 ሰዓት ነው። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ይህን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል፤ የማያውቅ ጠያቂ ግን የ6 ሰዓት ስሕተት በመዝገቡ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል።

ሁለተኛው የርቀት ነገር ነው። ነበልባላዊ ተወርዋሪ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ» ይላል። ዋሽቶ አይደለም፤ ዓይኑ ያየውን በትክክል ተናግሯል። በ25 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የጠፋ ብርሃን፥ 250 ኪሎ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ከአድማስ በላይ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ይህም ክንድን ዘርግቶ በሚነሣ ጡጫ ቢለካ ግማሽ ጡጫ ነው። ስለዚህ «የት ወደቀ?» ብሎ መጠየቅ ወደ ስሕተት ይመራል። የሚሻለው ምስክሩን በዚያን ጊዜ ቆሞበት ወደነበረው ስፍራ መልሶ ወስዶ፥ ከየትኛው ዛፍ ወይም ከየትኛው ጣራ በላይ እንደ ታየው፥ ወዴትም እንደ ጠፋው በእጁ እንዲያመለክት ማድረግ ነው። ማዕዘኑን የሚለካው ጠያቂው ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ከሁለት ተራርቀው ከቆሙ ሰዎች ከተገኘ መንገዱን በካርታ ላይ ማስመር ይቻላል።

ሦስተኛው የነገሩ ተራ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅበት፥ ብርሃን አስቀድሞ፥ ፍንዳታ ተከትሎ፥ የድንጋዩ ፉጨትና ዱብታ በመጨረሻ ይመጣሉ። ምስክሩ ይህን ተራ ጠብቆ ከተናገረ ቃሉ የሚታመንበት ምክንያት ይጨምራል። ጊዜውንም በደቂቃ ከመጠየቅ ይልቅ በመካከሉ ምን እንደ ሠራ፥ ለምሳሌ ከየት እስከ የት እንደ ሮጠ፥ መጠየቅና መንገዱን አብሮ በእግር መለካት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከምባሌ ታሪክ ሊቃውንት በጨረፍታ ብቻ የሚያነሡትን ክፍል ማንሣት ግድ ነው። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹን ሰዎች ፈጭተው እንደ በሉና እንደ ተቀቡ፥ ይህንም ያደረጉት ድንጋዩ ለኤድስ መድኃኒት እንዲሆን ከእግዚአብሔር የተላከ ነው ብለው በማመን እንደሆነ በጊዜው ተዘግቧል። ነገሩን ለመሳቂያ የሚያነሡት አሉ። ነገር ግን 1992 በኡጋንዳ ምን ዓይነት ዓመት እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሽታው በአገሪቱ እጅግ የበረታበት ዘመን ነበር። በ1987 የተቋቋመው ታሶ የተባለ የአገሬው ማኅበር ሕሙማንን ይጐበኝና ያጽናና ነበር እንጂ፥ በሽታውን የሚገታ መድኃኒት በማንም እጅ አልነበረም፤ የተቀናጁት መድኃኒቶች የተገኙት በ1996 ነው፤ ወደ አፍሪካ መንደሮች የደረሱትም ከዚያ ብዙ ዘግይተው ነው። በየቤቱ ሕመምተኛ ተኝቶ ሳለ ሰማይ ተከፍቶ ድንጋይ ቢወርድ፥ የዚያ ቤት ሰው «ይህ ከየትኛው የኅዋ ክፍል መጣ?» ብሎ ሳይሆን «ለምን ተላከ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ለተመራማሪው ጥያቄው እንዲህ ያለ እምነት ያለው ሰው ምስክርነቱ ይታመናልን የሚል ነው። ይታመናል እንላለን። ድንጋዩ ይፈውሳል ብሎ ማመን ፍንዳታውን ከመስማት፥ ድንጋዩ የወደቀበትንም ጕድጓድ ከማሳየት አያግድም። ያየውን ከተረጐመው መለየት የጠያቂው ግዴታ ነው፤ ትርጓሜውን መጣል ግን ሌላ ነገር ነው። ትርጓሜውም ራሱ መረጃ ነውና፤ ድንጋዮቹ በማን እጅ እንደ ገቡ፥ ለምን እንደ ተሸሸጉ ወይም እንደ ተፈጩ የሚያስረዳው እርሱ ነው። በእርግጥ ሳይሰበሰብ የቀረው ሁሉ ተበላ ማለት አይደለም፤ ብዙው በሣርና በማሳ ውስጥ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የውጭ ሰዎች የሚከፍሉት ዋጋም ቃልን እንደሚለውጥ መዘንጋት የለበትም፤ ድንጋዩ መሸጥ ሲጀምር የተገኘበት ቦታ ይሸሸጋል።

መሣሪያ በበዛበት ዘመን የምስክር ቃል አያስፈልግም የሚል ቢኖር የሱዳንን ነገር ይመልከት። ኦክቶበር 6 ቀን 2008 በአሜሪካ በአሪዞና ያለ መነጽር አንድ ትንሽ አስትሮይድ ወደ ምድር ሲመጣ አየ፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ በኑቢያ በረሃ በላይ በ37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ፈነዳ። ከመውደቁ በፊት በኅዋ የታየ አካል ይህ የመጀመሪያው ነው። መንገዱ በብዙ መነጽሮች ተለክቶ ነበር፤ ሳተላይቶችም ፍንዳታውን አይተዋል። ሆኖም የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙዓውያ ሻዳድና ፒተር ጀኒስከንስ በዲሴምበር ወር ፍለጋ ሲወጡ በመንገዱ ዳር ያሉትን የዓይን ምስክሮች ጠይቀዋል፤ ከዚያም ተማሪዎችና መምህራን በረድፍ ተሰልፈው በረሃውን በእግራቸው አሰሱ። ድንጋዩም «አልመሐጣ ሲታ»፥ ማለትም «ስድስተኛው ጣቢያ»፥ ተብሎ በአካባቢው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም ተጠራ።

ያለፈውን ዘመን በተመለከተ ደግሞ የባህል ጥናት ብቻ ሊያደርገው የሚችለው ሥራ አለ። ባጊሱ ኢምባሉ የተባለውን የወጣቶች ግርዛት የሚፈጽሙት በየሁለት ዓመቱ፥ በሙሉ ቍጥር ዓመት ነው፤ እያንዳንዱንም የግርዛት ዓመት በዚያን ጊዜ በደረሰ ታላቅ ነገር ስም ይሰይሙታል። የእኛም ሽማግሌዎች «ከክፉ ቀን በፊት»፥ «ከክፉ ቀን በኋላ» እያሉ ዘመን ይቈጥሩ ነበር። እንዲህ ያለው የዘመን ስም፥ ጽሑፍ ባልነበረበት ጊዜ የታየ ነበልባላዊ ተወርዋሪ መቼ እንደ ታየ ለማወቅ ሊረዳ ይችላል። ኤልጎን የሞተ እሳተ ገሞራ በመሆኑ በግርጌው ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል የሰማዩን መርጦ ማውጣት ለሥነ ማዕድን ሊቅም ከባድ ነው። «አባቴ ከዚህ ማሳ አነሣው» የሚል ሰው ካለ ግን ፍለጋው ከተራራ ሙሉ ድንጋይ ወደ አንድ ማሳ ይጠባል።

ይህን የሚናገሩ ሽማግሌዎች ዕድሜ እንደ ድንጋዩ ረጅም አይደለም። የሰማይ ድንጋይ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ቆይቶ ይመጣል፤ መምጣቱን ያየው ሰው ግን ከአንድ ትውልድ በላይ አይቆይም። በ1942 የማዚባን፥ በ1945 የሶሮቲን ውድቀት በዓይናቸው ያዩት ዛሬ ቢገኙ እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የምባሌ ምስክሮች ግን አብዛኞቹ ገና በሕይወት አሉ፤ ስለ ድንጋዩ ክብደት የተጠየቁትን ያህል፥ በዚያን ቀን ምን እንዳሰቡና ድንጋዩን በቤታቸው ምን እንዳደረጉት ሊጠየቁ ይገባል።