የቤተሰብ መኪናዎ ሾክ አብዞርበር ደክሞ ይሆን?

የመኪናዎን ነዳጅ፣ ዘይትና የጎማ ንፋስ መከታተል እንደማይዘነጉ እናምናለን። ከጎማው ጀርባ ተደብቆ የሚሠራውን ሾክ አብዞርበር ግን ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ይህ ዕቃ እንደ አምፑል በአንድ ቀን አይቃጠልም። ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ነጂዋም ሳይታወቃት ድካሙን ትለምደዋለች። ዕለት ዕለት ልጆቿን ትምህርት ቤት የምታደርስ እናት ምንም ያልተሰማትን፣ መኪናውን ለአንድ ቀን የተዋሰ ወንድሟ «ይህ መኪና ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚዋኘው?» ብሎ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰዎች የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሾክ አብዞርበር ይመስላቸዋል። ተሸካሚው ሞላው ወይም ባሌስትራው ነው። ሞላ ግን አንዴ ከተጫነ በኋላ ቶሎ አይረጋም፤ ይነጥራል። አንጋፋ መካኒኮች በጣልያንኛው «አሞርቲዛቶሬ» የሚሉት ሾክ አብዞርበር በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ ያንን ንጥረት ያበርዳል፤ በዚህም ጎማው መሬቱን እንደያዘ ይቆያል። ሾኩ ሲደክም ጎማው በየጉድጓዱ ይነጥራል፤ ከመሬት የተላቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢይዙትም መኪናውን አያቆምም። እንግዲህ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይደለም። በኮብልስቶን ወይም በተቦረቦረ አስፋልት ላይ ሲነዱ አንድ ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ድንገት መንገድ ቢገባ፣ በደከመ ሾክ የሚቆሙት በደህናው ከሚቆሙበት አልፈው ነው። ቁመታቸው ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪኖች በተለይ ከኋላ ሦስት ልጆች፣ ከላይ በፖርቶ መጋላው ላይ ጆንያ ተጭኖ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ይበልጥ ያጋድላሉ።

የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ያለውን መኪና አስታሞ ለመያዝ ማሰቡ የሚጠበቅ ነው። (የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ሾክ አለው፤ ባትሪው ከባድ በመሆኑም ሥራው አይቀልለትም።)

ታዲያ በቤትዎ ደጃፍ ምን ሊመረምሩ ይችላሉ? በተለምዶ የሚታወቀው ፈተና መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ አንዱን ጥግ በሰውነት ክብደት ሁለት ሦስት ጊዜ ተጭኖ መልቀቅ ነው። ደህናው አንዴ ብድግ ብሎ ይረጋል፤ የደከመው ደጋግሞ ይወዛወዛል። ይሁን እንጂ እንደ ፕራዶ ያሉ ከባድ መኪኖች ሞላቸው ጠንካራ ስለሆነ በእጅ ግፊት እምብዛም አይንቀሳቀሱም፤ ፈተናውም ፈጽሞ የሞተውን እንጂ ግማሽ የደከመውን አያሳይም። ስለዚህ «አልተወዛወዘም» ብለው አይዘናጉ።

እኔ ይልቅ የማምነው ጎማውን ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ መዳፍዎን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን ይዳብሱ፤ በየተወሰነ ርቀት ጎድጎድ፣ ከፍ የሚል ከሆነ ጎማው ሲነጥር ኖሯል ማለት ነው። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጎረቤቴ በአንድ ዓመት ውስጥ የፊት ጎማዎቿን ሁለት ጊዜ ቀይራለች፤ በሄደችበት ጋራዥ ሁሉ «ባላንስ ነው» ይሏት ነበር። በመጨረሻ አንድ ወጣት መካኒክ ጎንበስ ብሎ የሾኩን ገላ በጨርቅ ሲያብሰው ጨርቁ በዘይት ራሰ። የሁለት ዙር ጎማ ገንዘብ የወጣው በዚህ ምክንያት ነበር። እርስዎም ሲያዩ ይለዩ፦ በላዩ ላይ ስስ ወዝና አቧራ ቢኖር አያስደነግጥም፤ ወደ ታች የወረደ እርጥብ ዘይት ግን ማኅተሙ መሄዱን ያመለክታል። ፍሬን ሲይዙ አፍንጫው ወደ መሬት የሚደፋ፣ የመንገድ ጉብታ ካለፉ በኋላም እንደ ጀልባ የሚንሳፈፍ መኪና እንዲሁ መታየት አለበት። ልጅዎ በመኪና በሄደ ቁጥር የሚያስመልሰው ከሆነም ሁልጊዜ ቁርሱን አይውቀሱ።

ስንት ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይቀየር? ብዙ ጊዜ ከ80,000 እስከ 100,000 ይባላል፤ በእኛ መንገድ ግን ከዚያ አስቀድሞ ሊደክም ስለሚችል በየ20,000ው ማስፈተሽ ይበጃል።

ሲቀየር ሁለቱ የፊት ወይም ሁለቱ የኋላ አብረው ይቀየሩ። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናው በፍሬንና በመታጠፊያ ጊዜ ግራና ቀኙ እኩል አይሆንም። እንደ ራቭፎር ባሉት ላይ የፊቱ ሾክ ከሞላው ጋር አንድ ላይ የተገጠመ ነው፤ የፕራዶም የፊቱ ሞላ በሾኩ ላይ ይቀመጣል። የታመቀ ሞላ ቢያመልጥ አጥንት ይሰብራል፤ ስለሆነም ማጥበቂያ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ እንዲነካው አይፍቀዱ። በቤትም ባለቤትዎ «እኔ እፈታዋለሁ» ቢሉ በጄ አይበሏቸው። የፕራዶ የኋላው ሾክ ከሞላው የተለየ በመሆኑ ሥራው ይቀላል፤ ቢሆንም ማንም ሰው በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር አይግባ።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት ካሰቡ ዘንጉን በእጅዎ ገፍተው ይሞክሩ፤ መሐል ላይ ባዶ ሆኖ ድንገት የሚሰምጥ ከሆነ ይተዉት። «ዘይት ሞልተን አድሰነዋል» የሚባለውንም አልመክርም፤ ቀለሙ አዲስ ቢሆንም ውስጡ የተበላው ቫልቭ አሮጌ ነው። ጎሚኒዎቹም አብረው ይቀየሩ። የጎሚኒዎቹ ዳዶዎች የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ መሆኑን ለመካኒኩ ያስታውሱ፤ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። የፊቱ ከተቀየረ ደግሞ አላይመንት ሳይስተካከል ከጋራዡ አይውጡ።

አሮጌዎቹን ሾኮች ተቀብለው ይመልከቷቸው፤ መቀየራቸውንም በዓይንዎ ያረጋግጣሉ። ጋዝ የታመቀባቸው ዓይነት ሊሆኑ ስለሚችሉ ግን በምድጃ አጠገብ አይቀመጡ፤ ልጆችም በመዶሻ እንዳይመቷቸው፣ የብረት ሠራተኛም ሳያጣራ እንዳይበይዳቸው ይጠንቀቁ።