“ኩላሊቴ ነው” ከማለታችን በፊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

በሲኒማ ራስ አካባቢ ሱቅ የነበራቸው አንድ አባታችን ከጀመዓ ሰላት ከራቁ ወራት ተቆጠሩ። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ “ኡስታዝ፣ ኩላሊቴ ነው። ትንሽ ስቆም ወይም ስራመድ ከወገቤ እስከ እግሬ ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል። ቁጭ ስል ይተወኛል። በሰው ፊት ተቀምጬ መስገድ ደግሞ አፈርኩ” አሉኝ። ሐኪም ሲያያቸው ኩላሊታቸው ጤነኛ ነበር። የጠበበው ነርቭ የሚያልፍበት የአከርካሪያቸው ቦይ ነው።

ይህ ሕመም በብዛት ከ50 ዓመት በኋላ ይመጣል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጅማቱ ይወፍራል፣ በመገጣጠሚያው ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ቦዩ ሲጠብ ነርቩ ይጨመቃል። ቀጥ ብለን ስንቆም ቦዩ ይብስ ይጠባል፤ ጎንበስ ስንል ሰፋ ይላል። ባዶ እጁን መራመድ ያቃተው ሰው ጋሪ ተደግፎ ሲገፋ ብዙ መንገድ የሚሄደው ለዚህ ነው።

የኩላሊት ሕመም እንዲህ በመቆም መጥቶ በመቀመጥ አይተውም። የእግር ደም ሥር ሲጠብም በመራመድ ያማል፤ እርሱ ግን ባሉበት ቆም ቢሉ ይሻላል። ስኳር ያለበትና ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይህንንም ይመርመር። ለይቶ የሚነግረን ሐኪም ነው፤ ካስፈለገም ኤምአርአይ ያዛል።

የሚያሳዝነው “ለኩላሊቴ” እያሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲክሎፌናክ ለወራት መዋጥ ነው። ጤነኛውን ኩላሊት የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ጨጓራም ያቆስላል። ወገብን በወጌሻ ማስጠምዘዝም አደጋ አለው።

ሕክምናው ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ፣ የሰውነት ክብደት መቀነስና በሐኪም የታዘዘ ማስታገሻ ነው። በወገብ የሚሰጠው መርፌ ቢረዳም ለጊዜው ነው። ይህ ካልበቃ ነርቩን የተጫነው አጥንትና ጅማት በቀዶ ሕክምና ይነሳል። ቀዶ ሕክምናው ከወገብ ሕመም ይልቅ የእግሩን ሕመም ያቀላል፤ የኢንፌክሽንና የነርቭ ሽፋን መቀደድ ስጋትም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ በወጣ ጥናት 169 ሕሙማን ለሁለት ተከፍለው ከ2 ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ለቀዶ ሕክምናና ለፊዚዮቴራፒ የተመደቡት ውጤት ተቀራራቢ ነበር። ነገር ግን ለፊዚዮቴራፒ ከተመደቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ኋላ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። ስለዚህ መቸኮልም መፍራትም አይገባም። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ተጀምሮ ባለሙያዎች ወጥተዋል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በመቀመጫና በብልት ዙሪያ ከደነዘዘ፣ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይኬድ። ይህን ማፈርና መደበቅ እግርን ለዘለቄታው ሊያሳጣ ይችላል።

ሰላትን በተመለከተ፣ ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ) ሕመም በነበራቸው ጊዜ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው የተነገራቸው ቆሞ መስገድ፣ ካልተቻለ ተቀምጦ፣ ካልተቻለም በጎን ተኝቶ መሆኑን ነው። መቆም ያቃተው ግን ሱጁድ የሚችለውን ሱጁድ አይተው፤ ያቃተን ነገር የቻልነውን አያስቀርምና።

እኝህ አባታችን ዛሬ ከሰፉ ጫፍ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ሱጁዳቸው ከመሬት ነው። በየቤታችሁ “ኩላሊቴ” እያሉ ከመስጊድና ከገበያ የቀሩ እናትና አባት ካሉ፣ ዛሬውኑ አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ ቁጭ ሲሉ ይተውዎታል?

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።